ስንደዶ ስፋት አይናገርም

ሐሙስ፤ መነሻ ከመካነ ኢየሱስ

ሐሙስ ማለዳ ከቤቴ ስወጣ ለጎረቤቶቼ የነገርሁት ምክንያት «ሐኪሞች ላደርስ ነው» የሚል ነበር። ውሸት አይደለም። ነጋዴ ሙሉ ውሸት አይናገርም፤ ከእውነቱ ጥቂት ያስቀርና ሌላውን ይሸጣል። እኔ ያስቀረሁት የአንዲት ስንደዶ ነገር ነው።

ጫማ ሻጭ ነኝ፤ መካነ ኢየሱስ ላይ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ላስቲክ ጫማ፣ ሸራ ጫማ፣ የልጅ፣ የአዋቂ፤ በአሮጌ ፒክአፕ ጭኜ ከእስቴ እስከ ጋይንት፣ ከጋይንት እስከ ስማዳ ገበያ እየተከተልሁ እዞራለሁ። በእኛ አገር ጫማ የሚገዛ ሁሉ እግሩን ይዞ አይመጣም። ባል ለሚስቱ፣ እናት ለልጇ ሲገዙ፣ ቤት የቀረውን እግር ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት በስንደዶ፣ በስፌት ሣር፣ ይለኩና ቆርጠው ይዘው ይመጣሉ። እኔ ስንደዶዋን ጫማው ውስጥ አጋድማለሁ፤ ልክ ከሆነች ሸጥሁ ማለት ነው። ባለቤቱን አይቼው የማላውቅ፣ ልኩን ግን በቃሌ የያዝሁት ስንት እግር አለ።

ከእነዚያ አንዱ የያልጋ ነው። ያልጋን ግን አይቻታለሁ።

ወጣት ሳለሁ፣ መኪናም ሳይኖረኝ፣ በሁለት አህያ ጨውና አቡጀዲ ጭኜ ወደ ስማዳ ስመላለስ የማድረው ከወገዳ ወዲያ ባለች መንደር፣ በአባቷ ግቢ ነበር። ሽማግሌ ላክሁ። አባቷ ሽማግሌዎቹን ጠላ አጠጥተው፣ «ልጄን ለዟሪ አልሰጥም» ብለው መለሷቸው። እኔም መዞሬን ቀጠልሁ። አገባሁ፤ ወለድሁ፤ ልጆቼ አድገው ባሕር ዳር ገቡ፤ ሚስቴም ነፍሷን ይማርና አረፈች። ያልጋ ሳታገባ እንደ ቀረች እሰማ ነበር።

ሚስቴ ባረፈች በማግሥቱ ዓመት ነው ስንደዶዋ መምጣት የጀመረችው። በየዓመቱ ጥምቀት ሲቃረብ የወንድሟ ሚስት አንጓች አርብ ገበያ ድረስ ትመጣለች። «የያልጋ ናት» ብላ ስንደዶዋን ትሰጠኛለች። «ደህና ናት?» እላለሁ። «ደህና ናት» ትላለች። ጫማውን ይዛ ትሄዳለች። በቃ። ዓመት ሙሉ የምጠብቃት ወሬ ይህችው ነበረች።

ዘንድሮ ታኅሣሥ ሊያልቅ ሆነ፤ ስንደዶዋ የለችም። ከጉዞው በፊት በነበረው አርብ አንጓችን ገበያው እህል ተራ አየኋት። እሷም አየችኝና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ በአህያ መሃል ተሰወረች። ሰው ከአበዳሪው ይሸሻል እንጂ ከጫማ ሻጭ ምን ያሸሸዋል? መርዶ የያዘ ሰው ካልሆነ።

ሐኪሞቹ የመጡልኝ በዚሁ ሰሞን ነው። የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን የሚማሩ ሁለት ዶክተሮች ለጥቂት ቀን ገጠር መውጣት ነበረባቸውና፣ መኪና ያለው፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ስሜ ተጠራ። አስተማሪያቸው በስልክ እንዲህ አሉኝ፤

«ጋሽ ሞላ፣ ልጆቼ ሆስፒታሉን ያውቁታል። ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ሕዝቡ ለጤናው የሚሆን ምን ነገር እንዳለው ግን ገና አላዩም። እድሩን፣ ሰንበቴውን፣ ቄሱን፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን፣ ነጋዴውን ይወቁልኝ። እርስዎም እኮ የማኅበረሰብ ሀብት ነዎት።»

«ሀብት መሆኔን ለገቢዎች እንዳይነግሩብኝ» አልኋቸው።

ሳቁና፣ ጠንካራ እድር ያለበት፣ መኪና የሚገባበት መንደር እንድመርጥ ጠየቁኝ። ለወጉ ያህል ትንሽ አሰብሁ። «ከወገዳ ወዲያ አንድ መንደር አለ» አልሁ።

ጉና ሥር

ደብረ ታቦር ላይ ሁለቱን ጫንኋቸው። ዶክተር ናትናኤል የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሻንጣው ከኔ ሸቀጥ ይከብዳል፤ ያየውን ሁሉ በስልኩ ያነሳል። ዶክተር ቤዛ ባሕር ዳር ያደገች ናት። ጥያቄዋ ትንሽ ነው፤ ከጠየቀች ግን መልሱ እስኪመጣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። በገበያ እንዲህ ያለ ገዢ ያስፈራል።

መንገዱ ክፍት መሆኑን ከሁለት ሹፌር አጣርተን ነው የወጣነው፤ በዚህ ዘመን ከነዳጅ በፊት የሚቀዳው ወሬ ነው። ጋሳይ ላይ ሴቶች ድንችን በሳህን ከምረው መንገድ ዳር ተቀምጠዋል። ከዚያ ዳገቱ ይጀምርና ጉና በግራ በቀኝ ጉም እየለቀቀ ይቀበላል። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ በየማሳው ቆሟል፤ ቀድሞ የደረሰለት ውድማው ላይ በበሬዎቹ ያበራያል። ብርዱ በመስኮት ስንጥቅ ገብቶ ጉልበት ይቆረጥማል።

ናትናኤል ጠየቀኝ፤ «ጋሽ ሞላ፣ የቤተሰብ ሐኪም ሲባል ምን ይመስልዎታል?»

«ባለጠጋ ቤት ተቀጥሮ የሚያክም።»

ቤዛ ከኋላ ሳቀች። «እንዲያስ ቢሆን ጥሩ ነበር። እኛ ጉበት ብቻ፣ ልብ ብቻ ብለን አናይም። ሰውዬውን ከነቤቱ ነው። መድኃኒት ብንጽፍለት ማን ያስታውሰዋል? ቢደክም ማን ይሸከመዋል? እኛ ስንሄድ የሚቀረው ማን ነው?»

«ይህንማ እኛም ዱቤ ከመስጠታችን በፊት እንጠይቃለን» አልኋት።

ነፋስ መውጫ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከተማዋ ስሟን አላጭበረበረችም፤ ነፋሱ የምግብ ቤቱን በር ከኛ ቀድሞ ይከፍተዋል። ሽሮ መቶ ሃያ ብር፣ አልጋ ሦስት መቶ ብር። ብርድ ልብሱ አንድ ነው፤ ሁለተኛ ስጠይቅ ባለቤቲቱ «አንቱ ጋይንትን ዛሬ አወቁት?» አለችኝ። ጋቢዬን ደርቤ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አንጓችን ተከትሎ በአህያ መሃል ጠፍቶብኝ አደረ።

አርብ፤ አርብ ገበያ

ከነፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት ሲወርዱ አየሩ እየሞቀ፣ ገደሉ እየከፋ ይሄዳል። አርብ ገበያ ስንደርስ ገበያተኛው ከየአቅጣጫው እየፈሰሰ ነበር፤ በእግሩ የመጣው ላብ በላብ፣ አህያ የነዳው አቧራ በአቧራ። ሸራዬን ከዘወትር ቦታዬ ዘረጋሁ። ሐኪሞቹ አንድ ቀን ከጎኔ እንዲውሉ በአስተማሪያቸው ታዘዋልና፣ ናትናኤልን የላስቲክ ጫማ አስደረደርሁት። ሰባት ዓመት ሕክምና የተማረ ሰው ቀኝና ግራ ሲያጣምር ማየት ደስ ይላል።

አንድ ሽማግሌ ሦስት ስንደዶ ይዘው መጡ።

«ይህች የሚስቴ፣ ይህች የልጄ፣ ይህች የምራቴ።»

«የእርስዎስ?»

«እኔማ እግሬን ይዤ መጥቻለሁ፤ ግን ገንዘቡ እዚያ ድረስ አይወርድም።»

ሽማግሌው ሦስቱን ጫማ እንደ እንቁላል በነጠላቸው አስረው በባዶ እግራቸው ሄዱ። ቤዛ እስኪርቁ ድረስ እግራቸውን አየች። የኔ ዓይን ግን ከእህል ተራው አልተነሳም። አንጓች አልመጣችም።

«የሚጠብቁት ሰው አለ?» አለችኝ ቤዛ፣ ሸራውን ስናጥፍ።

«ደንበኛ» አልኋት።

መልሱ እስኪመጣ ጠበቀች። አልሰጠኋትም።

ቅዳሜ፤ ከወገዳ ወዲያ

ወደ ወገዳ የሚወስደው መንገድ፣ መንገድ የተባለው በአክብሮት ነው። ድንጋዩ ጎማ ሥር ይጮኻል፤ ደረቅ ወንዝ እንወርዳለን፤ እንወጣለን። ናትናኤል ራሱን ከጣሪያው ጋር ካጋጨ በኋላ ፎቶ ማንሳቱን ተወ። ወገዳ ላይ ሻይ ጠጥተን፣ በጀሪካን የሚሸጥ ነዳጅ በማይነገር ዋጋ ገዝተን ቀጠልን። ረፋድ ላይ መንደሯ ደረስን። የአባቷ ግቢ ከላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ይታያል። ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል። ጭስ መኖር አለመኖሩን ቀና ብዬ ማየት ፈራሁ።

የእድሩ ዳኛ አያ ባዩ ተቀበሉን። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዱላቸውን መሬት ላይ የሚያዞሩ ሰው ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽኗ ወረዳ ለስብሰባ ተጠርታ የለችም፤ እሑድ ትመለሳለች አሉን። አያ ባዩ ለሐኪሞቹ የእድሩን ዕቃ አሳዩዋቸው፤ ድስቱን፣ ጋኑን፣ ወንበሩን፣ በሽተኛም ሬሳም የሚሸከሙበትን ቃሬዛ። ከግድግዳው ላይ ደግሞ ጥሩንባው ተሰቅሏል።

«በዚህ ነው ሰው የሚጠራው?» አለ ናትናኤል።

«በዚህ ነው። ከተነፋ የሚቀር የለም።»

የልጁ ዓይን ሲያበራ አየሁ። ነጋዴ ያንን ብርሃን ያውቀዋል፤ ሰው ሊከስር ሲል የሚያበራው ነው። እኔ ግን መኪናዋ ፈልታብኝ ነበርና፣ ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድሁ። ምንጩ ሩቅ ነው፤ ከገደል ሥር።

ጀሪካኑ ግማሽ ሳይደርስ ጥሩንባው ተነፋ።

ገጠር የኖረ ያውቀዋል። ያ ድምፅ ስብሰባ አይጠራም፤ ሰርግም አይጠራም። ሰው ሞቷል ማለት ነው። ጀሪካኑ ከእጄ ወጥቶ ተንከባለለ። በዚያች መንደር ከአንድ ሰው በቀር የሚሞትብኝ አልነበረኝም። «ዘገየሁ» አልሁ።

ዳገቱን እንዴት እንደ ወጣሁት አላውቅም። ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ከየቤቱ ይወጣሉ፤ ወንዶች ከውድማ መንሹን ጥለው ይሮጣሉ። ሁሉም «ማን ነው?» ይላል፤ የሚመልስ የለም። ከፊቴ የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ሐኪሞች ገብተዋል አሉ።»

«ኧረ አሁን ረፋድ ላይ አይደለም የገቡት?»

«እንዴት ፈጠኑ እቴ!»

ከትልቁ ወይራ ሥር ስደርስ መንደሩ በሙሉ እያለቀሰ ቆሟል። በመሃል ናትናኤል፣ የደም ግፊት መለኪያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። አጠገቡ ነፊው ጥሩንባውን እንደያዘ «ሰው ጥራልኝ አለኝ፤ ጠራሁ» ይላል። ሰው ሐኪም ያዘዘውን ያደርጋል እንጂ ሐኪምን ይጠይቃል?

«ልጄ» አሉ አያ ባዩ ቀስ ብለው፣ «ማንን ልንቀብር ነው?»

«ማንንም! ማንም አልሞተም! የደም ግፊት ልንለካ ነው።»

አንዲት አሮጊት ከፊት ወጡ።

«እኔ ደረቴን ደቅቻለሁ። ይህን ማን ይመልስልኛል?»

«እማማ፣ የእርስዎን መጀመሪያ እለካለሁ።»

«ለካ። ከፍ ካለ ግን ያንተ ነው።»

ያኔ ሳቅ ፈነዳ። ያለቀሰ ሁሉ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። አያ ባዩ ዱላቸውን አዙረው ፈረዱ። «በደንባችን ጥሩንባ በከንቱ ያስነፋ ሁለት ጋን ጠላ ይከፍላል። አንተ እንግዳ ነህና በጠላው ፋንታ ይህን ሁሉ ሰው ሳትለካ አትነሳም።»

ናትናኤል ተቀምጦ መለካት ጀመረ። እኔ አልሳቅሁም። ዓይኔ ከፊት ወደ ፊት እየዘለለ አንድ ፊት ይፈልግ ነበር። አንጓችን ከሴቶቹ ጋር አየኋት። ሌላዋ የለችም።

ቤዛም ሕዝቡን እያየች ኖሯል። «አያ ባዩ» አለች፣ «የቀረ ሰው አለ?»

«ማንም አይቀርም። የታመመ እንኳ ተደግፎ ይመጣል።» ዙሪያውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ያልጋ ካልሆነች በቀር። እሷ አትቆጠርም።»

ወይራውን ያዝሁ። አለች ማለት ነው። የሞተ ሰው ቀረ አይባልም።

«አትቆጠርም ማለት?»

«ልቅሶ መምጣት ከተወች ብዙ ዘመን ሆናት። ድርሻዋን በፈትል ትከፍላለች። የመግነዙን ክር የምትፈትልልን እሷ ናት።»

ቤዛ ቦርሳዋን አነሳች። «ለሞት ማንም በማይቀርበት መንደር የቀረችውን ሳላይ ብሄድ ምኑን ሐኪም ሆንሁ?» አለችና ወደኔ ዞረች። «ደንበኛዎ ናት?»

«ናት» አልሁ። በዚያን ጊዜ ከእውነቱ የማስቀረው አልነበረኝም።

ያልጋ ቤት

አንጓች ቀድማን ደርሳ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ዶክተሯ ትግባ፣ ይሁን። ጫማ ሻጭ ምን ይሠራል?»

«ስንደዶዋ ቀረችብኝ።»

«ዘንድሮ አያስፈልጋትም።» ከዚያ እንባ መጣባት። «ልጄን በጥር ልድር ነው። አማቾቹ ዘር ይጠይቃሉ። አንቱ ደግሞ በየዓመቱ «ደህና ናት?» ይላሉ። ዘንድሮ ዋሽቼ መመለሱን አፌ እንቢ ቢለኝስ ብዬ ሸሸሁ።»

ቤዛ ብቻዋን ገባች። እኔ ከግቢው ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የድሮው የአህያ ማሰሪያ ጉቶ እዚያው አለ። አንድ ጊዜ፣ ጭነት ሳራግፍ፣ ያልጋ ውሃ ይዛልኝ ከዚያ ጉቶ አጠገብ ቆማ «ጨውህ ከአፍህ ይበልጣል?» ብላኝ ነበር። ምን ብዬ እንደ መለስሁ ጠፍቶኛል። እሷ ያለችው ግን ይኸው አለ።

ብዙ ቆይቶ ከውስጥ ድምፅ መጣ። ድምፅ እንደ ሰው አያረጅም።

«ያ ዟሪ ውጭ ነው?»

«ነው» አለች ቤዛ።

«ይግባ። መዞሩ ካልቀረለት ጓዳውንም ይዙረው።»

ጨለማው ዓይኔን እስኪለቀው ቆምሁ። መጀመሪያ ያየሁት እሷን አይደለም። ጫማዎቹን ነው። በግድግዳው ላይ፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ በፈትል ታስረው ተሰቅለዋል። የመጀመሪያዎቹ ጥቀርሻ ለብሰዋል፤ ያለፈው ዓመቱ ገና ያበራል። አንዱም መሬት አልነካም።

ያልጋ መደብ ላይ ተቀምጣለች፤ እንዝርት በእጇ፣ ጋቢ በእግሯ ላይ።

«አረጀህ ሞላ።»

«አንቺም ደህና ሰነበትሽ» አልኋት። «ለምን አልተጫማሻቸውም?»

«አንተ ስፋቱን መቼ ጠየቅህ?»

«ስንደዶ ስፋት አይናገርም።»

«እኔም እንዲናገር አልፈለግሁም።»

«ታዲያ ለምን ትልኪ ነበር?»

እንዝርቷን አሾረች። «ደንበኛ እንዳያጥርህ ብዬ ነዋ።»

ከዚያ ጋቢውን ገለጠች። ሁለቱ እግሮቿ ከጉልበት በታች አብጠዋል፤ ቆዳው ጠጥሮ፣ ጣቶቹ በእብጠቱ ተውጠው። «ይኸውልህ ሽማግሌዎችህን የመለሳቸው» አለች። «ገና ልጃገረድ ሳለሁ ማቃጠል ጀመረ፤ ከዚያ አበጠ። አባቴ «ከታወቀ ወንድምሽ ሚስት አያገኝም» አለ። ልጄ ታማለች ከማለት ዟሪ አልወድም ማለት ቀለለው።»

እኔ ያንን ዘመን ሁሉ የተናቀው ንግዴ ነው ብዬ ነበር። በዚያ እልህ ነው አህያውን በመኪና የለወጥሁት።

ቤዛ ከእግሯ ሥር ቁጢጥ ብላ ነበር። «እማማ ያልጋ፣ ይህ እርግማን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ብዙ ዓመት በባዶ እግር የተረገጠ ቀይ አፈር ነው፤ ደቃቁ በቆዳ ገብቶ የሚያሳብጠው።»

«ወንድሜም ያንኑ አፈር ነው የረገጠው።»

«የአንዱ ሰውነት ይችለዋል፤ የሌላው አይችለውም። በአንድ ቤት ሊደጋገም ይችላል፤ አልዋሽዎትም።» ወደ አንጓች ቀና አለች። «ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ልጅ ግን አይይዘውም። ልጆችሽ ጫማ ያደርጋሉ?»

«መራመድ ከጀመሩ ጀምሮ» አለች አንጓች፣ ወደኔ እየጠቆመች። «ከሳቸው ነው የምገዛው።»

ለዚህ ምስክርነት ስንት ዓመት ብዘባርቅ አላገኘውም ነበር።

ቤዛ አስረዳች፤ በየቀኑ በውሃና በሳሙና መታጠብ፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ በጨርቅ ማሰር፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ሰፊ ጫማ። «እንደ ድሮው አይሆንም። ግን ይቀንሳል። ቁስለቱና ትኩሳቱም ይርቃል።»

«ጸበል ተጠምቄያለሁ።»

«እሱን አይተዉ። ሳሙናውን ይጨምሩበት።»

«ውሃውስ?» አለች ያልጋ። «አንጓች ለአንድ ጀሪካን ገደል ትወርዳለች። በየቀኑ የኔን እግር አጥቢ ልበላት?»

ያንን ገደል እኔም ቅድም አውቄዋለሁ።

«ለእድሩ ልንገር?» አለች ቤዛ። «ካልፈቀዱ አልናገርም።»

«ሰርጉ ይለፍ!» አለች አንጓች።

ያልጋ እንዝርቱን አቆመችው። «አንጓችዬ፣ የስንቱን ሰርግ አሳለፍሁ?» አለች። ቁጣ የለበትም። ቀጥላም ለቤዛ «ንገሪ» አለቻት።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ላይ ቤዛ ተነስታ ተናገረች። ስለ አፈሩ፣ ስለ ጫማው፣ ስለ ውሃው። አንዳንዱ ጎረቤቱን አየ፤ አንድ ሰው እግሩን ወደ ኋላ ሰበሰበ። አያ ባዩ ዱላቸውን ብዙ ጊዜ አዞሩት።

«ለሬሳ መታጠቢያ ውሃ የምንቀዳ ሰዎች፣ ለቁም ሰው ሊከብደን ነው?» አሉ በመጨረሻ። «በየቤቱ ተራ ይውጣ። በቀን አንድ ጀሪካን። ያልጋም ከዛሬ ጀምሮ ትቆጠራለች፤ ጥሩንባ ሲነፋ ካልመጣች እንደ ማንኛችንም ትቀጣለች።»

ከዚህ የበለጠ ክብር በዚያ መንደር የለም፤ ቅጣት የሚፈረድበት የተቆጠረ ሰው ብቻ ነው።

ናትናኤል ደስ ብሎት ተነሳ። «ተራው የደረሰው ቤት እንዳይረሳ ጠዋት ጠዋት…»

«ጥሩንባ አይነፋም!» አለ ሰንበቴው በአንድ ድምፅ።

ከሰዓት በኋላ የጤና ኤክስቴንሽኗ ከስብሰባዋ ተመለሰች። ቤዛ ያልጋ ቤት ወስዳት፣ አስተጣጠቡንና አስተሳሰሩን ሁለቱም እየሠሩ ለያልጋና ለአንጓች አሳዩ። «እኛ ነገ እንሄዳለን፤ አንቺ ነሽ የምትቀሪው» ስትላት ሰማሁ። ጉና ላይ የነገረችኝ ትምህርት ይኸው ነበር። አንጓች ግን ፊቷ አልተፈታም። ሰርጉ እስኪያልፍ የሚፈታም አይመስለኝም። አልፈርድባትም፤ ልጅ የምትድረው እሷ ናት።

ሰኞ፤ መመለሻ

ከወገዳ ወደ እስቴ አቋርጦ የሚወጣ መንገድ አለ ይሉኛል፤ የሚሉኝ መኪና የሌላቸው ናቸው። በመጣንበት ልንመለስ ሞተር ሳስነሳ አንጓች መጣች። በመዳፏ ጠቅልላ የያዘችውን በመስኮት ሰጠችኝ።

ስንደዶ አይደለም። ክር ነው፤ ጥርት ያለ፣ በያልጋ እጅ የተፈተለ። ሦስት ቦታ ተቋጥሯል።

«ይህ በጣቶቹ ዙሪያ ነው፤ ይህ በእግሩ ጀርባ፤ ይህ በቁርጭምጭሚቱ» አለች። «ማታ ሲያብጥ የተለካ ነው፣ ዶክተሯ እንዳዘዘችው። ሲቀንስ ሌላ ክር ትልካለች።»

«ሌላ ምን አለች?»

አንጓች ፈገግ አለች፤ በዚያ ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ሁለተኛው ክር ከዚህ ካጠረ፣ ጫማውን ራሱ ዟሪው ያምጣው ብላለች።»

ወደ ላይ ቀና ስል ከባሕር ዛፉ ሥር፣ በሩ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይታያል። እግሩ በርጩማ ላይ ከፍ ብሏል። እጅ አላነሳችም፤ እኔም አላነሳሁም። ቤዛ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀችም።

ሐኪሞቹን ደብረ ታቦር አውርጄ ማክሰኞ መካነ ኢየሱስ ገባሁ። ናትናኤል ሲሰናበተኝ «ጋሽ ሞላ፣ ጥሩንባውን ለአስተማሪያችን አይንገሩብኝ» አለኝ። «እኔ ሀብት ነኝ፤ አልባክንም» አልሁት። ቤዛ ጨበጠችኝና ክሩን ያኖርሁበትን የደረት ኪሴን አየች፤ አሁንም እንደ ልማዷ ጠበቀች። «ስትመጪ እነግርሻለሁ» አልኋት።

ቤቴ እንደ ገባሁ ክሩን ለቆዳ ሰፊው ወሰድሁለት። አገላብጦ አየውና «የምን ልክ ነው ይህ?» አለኝ። «የእግር ነው። ለስላሳ ቆዳ፣ ከላይ በማሰሪያ የሚከፈት፤ ሲቀንስ የሚጠብ» አልሁት። ሠርቶ ሰጠኝ። ከሱቄ ሁሉ የማያምር፣ ከሱቄ ሁሉ ውድ ጫማ ነው። በሚቀጥለው አርብ በአንጓች እጅ ላክሁት፤ በራሴ እጅ መድረስ ገና አልተፈቀደለትም።

የጉዞዬ ትርፍ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ይህ ነው፤ ሐኪሞቹ ሰውን ከነቤቱ ማየት ሊማሩ ወጡ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን በርዝመቱ ብቻ ስለካ መኖሬን ተማርሁ። አሁን ስንደዶ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ «ስፋቱስ?» እላለሁ። ይስቁብኛል።

ክሩ ከሱቄ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጠዋት ስከፍት የማየው፣ ማታ ስዘጋ የማየው እሱን ነው። ልክ የሚያጎድል ነጋዴ ስጠላ ኖሬያለሁ። ዛሬ ግን፣ ጎድሎ የሚመጣ ክር እጠብቃለሁ።

ነገ አርብ ነው። ሸራውን ጭኛለሁ።